የዳኛው መዶሻ

ሐይቁ ዳር ጀልባ የሚጠግነውን ሰውዬ ሁሉም የሚጠራው «ዳኛው» እያለ ነው። የፍርድ ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፤ አንዴ ለምስክርነት ተጠርቶ እንኳ ጉንፋን ይዞኛል ብሎ ቀርቷል። ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። የተጎዳች ጀልባ ስትመጣለት ያስገለብጣትና ዙሪያዋን አንድ ጊዜ ይዞራል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ ጣውላው ያስጠጋና በእንጨት መዶሻው ቀስ አድርጎ እየነካካ ከአፍንጫዋ እስከ ኋላዋ ያዳምጣታል። ጤነኛ እንጨት ጥርት ብሎ ይመልሳል፤ ውስጥ ውስጡን የበሰበሰው ግን ድምፁ ይታፈናል። ይሄ ሁሉ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ የጀልባዋ ባለቤት ቢቁነጠነጥም አይቸኩልለትም። አዳምጦ ሲጨርስ ቀና ይልና ሆዷን ሦስት ጊዜ ጠንከር አድርጎ ይመታል። ኳ! ኳ! ኳ! ከዚያም «ትድናለች» ወይም «ማገዶ ናት» ይላል። ይግባኝ የለም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ትድናለች ያላት ጀልባ ሰምጣ አታውቅም።

ችግሩ፣ ሰው በአንዱ ሲሳካለት በሁሉም የሚሳካለት ይመስለዋል። ከቆርቆሮ ጥላው ሥር ድሮ ማገዶ የተባለች አሮጌ ጀልባ ተደፍታ እንደ አግዳሚ ወንበር ታገለግላለች። ሁለት ሰዎች ከእሷ ላይ አይጠፉም። አንዱ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ሬዲዮውን በብብቱ ሸጉጦ ይመጣና የት አገር መንግሥት እንደተናጋ፣ የት ሕዝብ አደባባይ እንደወጣ ያስረዳል። ከዚህ ከተማ ወጥቶ አያውቅም፤ የየአገሩን ዋና ከተማ ግን በቃሉ ይወጣዋል። ሁለተኛው የቤት ደላላ ነው። ቀኑን ሙሉ በስልክ ሻጭና ገዢ ያገናኛል፣ ሲሰለቸው ደግሞ ሰው እንዴት ቤት መግዛት እንዳለበት ያስተምራል። እሱ ራሱ የሚኖረው በኪራይ ነው።

መምህሩ ስለ ጀልባ አስተያየት ይሰጣል፣ ደላላው ስለ አብዮት ይተነትናል፣ ዳኛው በሁሉም ላይ ይፈርዳል። የፕላስቲክ ጀልባ ዕድሜ አለው የለውም፣ መሬት አሁን ይገዛ ወይስ ዋጋው እስኪወርድ ይጠበቅ፣ የእንትን አገር ጄኔራል ይወርዳል ወይስ ይከርማል፣ ክርክሩ ሲጦዝ ዳኛው የተቀመጠባትን ጀልባ በመዶሻው ሦስቴ ይመታና ይዘጋዋል። «አላውቅም» የሚል ቃል ከአፉ ሲወጣ የሰማ የለም። ሚስቱ፣ «ይሄ ሰውዬ አለማወቁን እንኳ አያውቅም» ትላለች፤ ስትናደድም ስትስቅም። ጨዋታ ነበር። በጨዋታው የሞተ ሰው አልነበረም።

አንድ ልጅ ነበራቸው። እዚችው የቆርቆሮ ጥላ ሥር በጣውላ ፍልጥ መሐል ያደገ፣ መላጊያ መያዝ የተማረ፣ ከዚያም ሩቅ አገር ሄዶ የእንጨት ሥራ ቤት የከፈተ። እዚያው አገባ። ከሦስት ዓመት በፊት ደግሞ ቤት ገዛ፤ ሁለት መኝታ ክፍል፣ አንድ ትንሽ ግቢ፣ በሩ ሰማያዊ። ፎቶውን መጀመሪያ የላከው ለደላላው ነበር፤ ደላላውም ራሱ የሸጠው ይመስል ለግማሽ ከተማ ሰው አሳየ። የዚያ አገር ነገር ሲበላሽ፣ መንገዱ በጎማ ጭስ ሲሞላና ወታደር ሲወጣ፣ መምህሩ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ ማድረግ ጀመረ።

ልጁ የሚደውለው እሑድ እሑድ ነበር፤ ለእናቱ። ያን ጊዜ ግን የደወለው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው፤ የደወለውም ለአባቱ። የዳኛው እጅ ሬንጅ በሬንጅ ስለነበር ደላላው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ፣ ድምፁን ለቆ፣ ሦስቱም የተቀመጡባት ጀልባ ላይ አኖረለት።

«አባዬ፣ ልንወጣ ነው» አለ ልጁ። «ጎረቤቶቻችን ግማሾቹ ሄደዋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አውቶቡስ አለ፣ ሻንጣውንም በር ላይ አድርገነዋል። ግን ልቤ ሁለት ቦታ ሆነብኝ። ቤቱን ለማን ጥዬው ልሂድ? አንተ ምን ትላለህ?»

ዳኛው አፉን ሳይከፍት ደላላው ዘሎ ገባ። «ሰው የሌለበት ቤት የማንም ነው! ዛሬ ጥለኸው ትወጣለህ፣ ስትመለስ ሌላ ሰው መጋረጃ ሰቅሎበት ታገኛለህ!»

መምህሩም ሬዲዮውን ቀነስ አደረገው። «ይሄ የአንድ ሳምንት ነገር ነው፣ ልጄ። ሕዝብ ይጮኻል፣ ይደክመዋል፣ ወደ ቤቱ ይገባል። የትም አገር እንደዚሁ ነው።»

ከዚያ ዳኛው ጉሮሮውን ጠረገ። «ስማኝ፣ የኔ ልጅ። ማዕበል ሲመጣ የሚሰምጠው ማን ነው? ከጀልባው ዘሎ የሚወጣው ነው። ጀልባውን ጨብጦ የቆየ ይተርፋል። ቤትህ ጀልባህ ነው። አትውጣ።» መዶሻውን አነሣ። ኳ! ኳ! ኳ!

ልጁ ሳቀ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ድምፅ ነው። «ተፈረደ በለኛ» አለ፤ ድምፁ ቀለል ብሎት ነበር። «በቃ፣ እሺ። ለእማዬ እንደደወልኩ እንዳትነግራት፣ በከንቱ ትጨነቃለች።»

ስልኩ ተዘጋ፤ ሦስቱ ሰዎች ስለ ሞተር ዘይት ያቋረጡትን ክርክር ቀጠሉ። በዚያ እሑድ የዚያ አገር የስልክ መስመር ተቋርጦ ስለነበር ለእናቱ አልደወለም። በሰባተኛው ቀን ልጁ የቤቱን መስኮት በጣውላ ሸፍኖ ሚስማር ሲመታ ከየት እንደተተኮሰች ያልታወቀች ጥይት ደረጃው ላይ ጣለችው። ሚስቱ ዳቦ ለመግዛት ተሰልፋ ነበር። እዚያው ተቀበረ። ቤቱ ምንም አልሆነም። ልክ ደላላው እንዳለው፣ ሰው ስለነበረበት ማንም አልነካውም።

የኛ ሰው «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላል። ምክር ሰምቶ መከራ ያገኘውን ግን ምን እንደሚሉት ተረቱ አልነገረንም። ዳኛውን ያቃጠለው ይሄ ነው። አሮጌ ጀልባ እንኳ ሳያዳምጥ ፈርዶባት አያውቅም፤ ለሁለት ጣውላ ግማሽ ቀን ሙሉ ጆሮውን ይለጥፋል። ለልጁ ግን ጆሮውን አላስጠጋም። መንገዱ እንዴት ነው፣ ተኩሱ ከየት በኩል ነው፣ አንተስ ልብህ ወዴት ያደላል ብሎ አልጠየቀም። መዶሻው እጁ ላይ ነበር፣ መታ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

መርዶው ከተነገረ በኋላ ቤቱ በሰው ተሞላ። እናትየዋ መሐል ተቀምጣ፣ የገባው ሁሉ እየሰማት፣ አንዲት ነገር ደጋግማ ትናገር ነበር። «ምነው አንዲት ጊዜ ደውሎ ቢጠይቀን! ቤቱ ገደል ይግባ፣ ውጣ እለው ነበር እኮ! እንዲያው ምነው ቢጠይቀኝ!» ዳኛው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ሰማ። መምህሩና ደላላው ከበሩ አጠገብ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። እናትየዋ ደግሞ እጇን ወደ ባሏ ዘርግታ «አይደለም እንዴ? አንተስ ውጣ አትለውም ነበር?» አለችው። ዳኛው ራሱን ከፍ ዝቅ አደረገ። በሕይወቱ ከሠራው ኃጢአት ሁሉ ያ ራስ መነቅነቅ ይከብደዋል።

ከዚያ ወዲህ መዶሻውን የቆርቆሮ ጥላው ምሰሶ ላይ ሚስማር መትቶ ሰቀለው። ሥራ አልተወም፤ ጀልባ ይረከባል፣ ጣውላ ይልጋል፣ በየስንጥቁ ጥጥ ይጠቀጥቃል፣ ሬንጅ ያፈላል። ፍርድ ግን የለም። ባለጀልባው ሲጠይቀው «አስቀምጣት፣ አያታለሁ» ይላል። በሦስት ወር ውስጥ ዘጠኝ ጀልባዎች ሐይቁ ዳር ተደፍተው ቀሩ። ሁለቱ ጓደኞቹ መምጣታቸውን አላቆሙም። ስለዚያች ማክሰኞ ግን አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። ዝም ማለቱ ሲከብዳቸው ስለ ቤንዚን ዋጋ ያወራሉ፣ ወሬው በየመሐሉ ይሞትባቸዋል፣ እንደገና ይቀሰቅሱታል።

በአራተኛው ወር ምራቱ መጣች። በአካል ሲያዩዋት የመጀመሪያቸው ነበር፤ የሚያውቋት ከስልክ ላይ ነው፣ ከልጃቸው ትከሻ ኋላ ብቅ ብላ ሰላም ስትላቸው። ያመጣችው አንድ ሻንጣ ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ እጇ ሥራ የማይፈታ ሴት ነች። በሁለተኛው ቀን የማድ ቤቱን መደርደሪያ አጸዳች፣ በሦስተኛው ቀን የተቀደደ ትራስ ሰፋች። እናትየዋ «ልጄ የመረጣት፣ አንጀቴን ትበላኛለች» እያለች ስትከተላት ትውላለች። ዳኛው ግን አብሯት አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አቃተው። የልጁን ጃኬት ለብሳ ስትዞር እያየ፣ ዛሬ እነግራታለሁ ይላል፤ እራት ይቀርባል፣ ሳህን ይነሳል፣ ነገ ይላል። ሊነግራት ይፈልጋል፤ ሲነግራትም ሚስቱ እንደምትሰማ ያውቃል። ከሁለቱ የማንኛቸውን ፊት ማየት እንደሚብስበት ሲመዝን ይውላል።

በአምስተኛው ቀን ምሳ ላይ ምራቱ ማንኪያዋን አስቀመጠችና «እማማ» አለች፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከመሞቱ ከሳምንት በፊት፣ ማክሰኞ ቀን፣ እዚህ ደውሎ ነበር?»

«ማክሰኞ?» አለች እናትየዋ። «እሱ የሚደውለው እሑድ ነው። ማክሰኞማ ደውሎ ቢሆን እኔ አልሰማም ነበር?»

«ልንወጣ ተነስተን ነበር። ሻንጣውን በር ላይ አድርጌ፣ ልብስ ከገመድ ላወርድ ግቢ ወጣሁ። ስመለስ አንድ ሰው በስልክ አናግሮ ሐሳቡን ቀይሮ አገኘሁት። ማን እንደሆነ አልነገረኝም። ከስልኩ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንጨት ሦስት ጊዜ ሲመታ። ምንድነው ብዬ ስጠይቀው፣ ‹አገር ቤት ስንሄድ አሳይሻለሁ› አለኝ።»

«እንግዲህ እዚያው የሚያውቀው ሰው ይሆናል» አለች እናትየዋ፣ እንባዋ መጥቶባት። «ማንም ይሁን ማን፣ እግዜር ይይለት።»

ባሏ መዶሻውን ሲመታ ሠላሳ ዓመት የሰማች ሴት ናት። ግን ማን እንዲያ ያስባል? ሰው ደጃፉ ላይ ያለውን ድምፅ ከሩቅ አገር ጥይት ጋር አያገናኝም። ዳኛው ሳህኑ ላይ አጎንብሶ ሩዙን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ገፋ። አፉ ተከፍቶ ነበር፤ ውኃ ጠጣበት።

በስምንተኛው ቀን አንድ ዓሣ አስጋሪ ትዕግሥቱ አለቀ። ጀልባው ከመጣች ሁለት ሳምንት አልፏታል። ረፋድ ላይ መጥቶ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመ።

«ዳኛው፣ ዓሣው ገብቷል፤ ጎረቤቶቼ እያወጡ ነው። እኔ ዳር ቆሜ እቆጥርላቸዋለሁ። ትድናለች ካልክ ጠግናት። ማገዶ ናት ካልክም ቁርጤን ልወቅና ሌላ ልፈልግ።»

«አያታለሁ» አለ ዳኛው።

«መቼ?»

ዳኛው ወደሚያፈላው ሬንጅ ዞረ። ፊቱ ያስፈራ ነበር። ደላላው ጓደኛው ሲጨነቅ ማየት አልቻለም፤ በቀልድ ያልዳነ ነገር ዓለም ላይ የለም ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ብድግ ብሎ መዶሻውን ከሚስማሩ ላይ አወረደ። «ምን ታስጨንቀዋለህ!» አለው አስጋሪውን። «ዳኛው ዕረፍት ላይ ነው፤ ችሎቱን ለእኔ አስረክቦኛል!» እንደ ዳኛው ጎንበስ ብሎ፣ ወገቡን እየያዘ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጀልባዋን ዞራት። አስጋሪው ሳይወድ በግድ ሳቀ። መምህሩም ሳቀ። የዳኛው ከንፈር እንኳ ጫፉ ላይ ትንሽ ተነቃነቀች። ደላላው ቀና ብሎ ደረቱን ነፋና መታ። ኳ! ኳ! ኳ! «ትድናለች! ባትድንም ዋና አይጠፋህም!»

ከቤቱ ወደ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ ላይ ምራቱ ቆማ ነበር። ሻይ ይዛላቸው እየመጣች ነው፤ በአንድ እጇ ቴርሞስ፣ በሌላው ብርጭቆ የተደረደረበት ትሪ። መጀመሪያ ያያት መምህሩ ነው፤ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። እሷ ጎንበስ ብላ ትሪውን መሬት ላይ አኖረች፣ ቴርሞሱን አጠገቡ አቆመች፣ እንዳይወድቅም በእጇ አረጋገጠች። ከዚያ ወደ ደላላው መጣች።

«እንደገና ይምቱት» አለችው።

ደላላው ዳኛውን አየው። «ቀልድ ነው እኮ፣ ልጄ፣ እኛ እዚህ…»

«ይምቱት።»

መታ። ኳ። ኳ። ሦስተኛው ላይ እጁ አየር ላይ ቀረ።

«እሱ ነው» አለች። «ከስልኩ የሰማሁት እሱ ነው።» «እርስዎ ነበሩ?»

እንግዲህ ደላላው ሲዋሽ ኖሯል። ጣሪያው የሚያፈሰውን ቤት ነፋሻማ ነው ብሎ አከራይቷል። ያን ዕለት ግን ምንም ለማያገኝበት ዋሸ። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አላት፣ መዶሻውን ደረቱ ላይ አስጠግቶ። «ቤት ጥሎ አይወጣም ያልኩት እኔ ነኝ። እኔን እርገሚኝ።»

ዳኛው ዝም ቢል ነገሩ እዚያ ላይ ያልቅ ነበር። ደላላው ቃሉን አያጥፍም፤ መምህሩም አያጋልጥም። ሚስቱም ባሏን እንደወደደች ትቀር ነበር። ያለፉትን አራት ወራት ሁሉ ሲመኝ የኖረው ይሄንን ነበር፤ ሌላ ሰው ከላዩ ላይ እንዲያወርድለት። አሁን ሲሰጠው መቀበል አቃተው። ልጁ የደወለው ለደላላው አልነበረም።

«አትስሚው» አለ። ድምፁ የራሱ አልመስል አለው። «እሱ ተናግሯል፣ መምህሩም ተናግሯል፤ የፈረድኩት ግን እኔ ነኝ። የደወለው ለእኔ ነው። አትውጣ ያልኩት እኔ ነኝ። መዶሻውም የኔ ነው።»

ዓሣ አስጋሪው ነገሩ ምን እንደሆነ ባይገባውም ቆብ የሚወለቅበት ሰዓት መሆኑ ገባው፤ ቆቡን አውልቆ ቀስ ብሎ ወደ መንገዱ ሄደ። ምራቱ ዳኛውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ትጮኻለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ በጥፊ ብትመታውም ደስ ይለው ነበር። እሷ ግን ሄዳ የተደፋችው አሮጌ ጀልባ ላይ፣ መምህሩና ደላላው ሁልጊዜ የሚቀመጡበት ቦታ ላይ ተቀመጠች።

«ምሳ ላይ ስጠይቅ እዚያው ነበሩ» አለች።

«ነበርኩ።»

«ውኃ ጠጡ።»

«ጠጣሁ።»

የመምህሩ ሬዲዮ ስለ አንድ ሩቅ አገር ሰልፍ እየለፈለፈ ነበር፤ ስንት ሰው እንደወጣ፣ ማን ምን እንዳለ። መምህሩ ዘጋው።

«ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም ነበር» አለች ምራቱ፣ ሐይቁን እያየች። «በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ ይላል። እጁ ስለሚርበተበት ሚስማር እንኳ መምታት አልቻለም ነበር። ያን ቀን ግን ይህን ድምፅ ከሰማ በኋላ ሻንጣውን ራሱ ፈታው፣ ልብሱን መልሶ ቁምሳጥን ውስጥ ሰቀለ፣ ተኛ። እንደ ሕፃን ተኛ። ከዚያ በኋላ እስከመጨረሻዋ ቀን አልፈራም። መስኮቱን ሲመታ እያፏጨ ነበር ብለውኛል።» ፊቷን ወደ ዳኛው መለሰች። «ልረግምዎት እፈልጋለሁ። ብንወጣ ኖሮ ዛሬ እዚህ ከጎኔ ነበር። ደግሞ ያንን ሰባት ቀን የሰጡት እርስዎ ነዎት፤ ብቻዬን ሆኜ አልቻልኩም ነበር፣ ፍርሃቱን ላስለቅቀው አልቻልኩም። ሁለቱን በአንድ ልብ እንዴት እንደምይዛቸው ይንገሩኝ። ዳኛ ነዎት ይሉዎታል። እስቲ ይፍረዱልኝ።»

ደላላው መዶሻው አሁንም እጁ ላይ ነበር፤ የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ከኋላው ደበቀው። መምህሩ ጫማውን ያያል። ዳኛው እጁን በሱሪው ላይ ጠረገ፤ ሬንጁ አልለቅ አለው፤ እንደገና ጠረገ።

«አላውቅም፣ ልጄ» አለ።

የተናገረው ቀስ ብሎ ነው። ከዚያ እንደ ልጅ ማልቀስ ጀመረ፤ ልጁ ከሞተ ጊዜ ጀምሮ ሰው ፊት አልቅሶ አያውቅም ነበር። ምራቱ አላባበለችውም። እሷም አብራው አላለቀሰችም፣ የሷ እንባ ቀደም ብሎ አልቋል። ሲረጋጋ ተነሳች።

«እማማ አያውቁም፣ አይደል?»

«አታውቅም።»

«እኔ አልነግርልዎትም» አለች። «ዛሬ ይንገሯቸው። ‹ምነው ቢጠይቀኝ› ሲሉ በየቀኑ እሰማቸዋለሁ። ከዛሬ በኋላ አብሬዎት ቁጭ ብዬ እሳቸውን መስማት አልችልም።» ሄዳ ትሪውን አነሳች፤ ለመምህሩና ለደላላው ሻይ ቀዳችላቸው። ሦስተኛውን ብርጭቆ ባዶውን ተወችው።

ዳኛው ወደ ቤቱ የሚወስደውን መንገድ ተያያዘው። ሁለት መቶ እርምጃ የማይሞላ መንገድ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በቀን አራት ጊዜ ተመላልሶበታል። መሐል ላይ ቆሞ ወደ ኋላው አየ። ጀልባዎቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተደፍተው ተደርድረዋል፤ ደላላው መዶሻውን ወደ ሚስማሩ ሊመልስ እየሞከረ ነው፣ እጁ እየሳተበት። ዳኛው መንገዱን ቀጠለ።

ሚስቱ ደጃፉ ላይ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በሰፌድ ሩዝ ትለቅማለች። ጥቁር ልብሷ ጉልበቷ ላይ በሩዝ አቧራ ነጣ ብሏል። የእግሩን ኮቴ ሰምታ ቀና አለች። በዚህ ሰዓት መጥቶ አያውቅም። ፊቱን አየችው፤ ይህን ፊት ታውቀዋለች፣ የድሃ ሰው ጀልባ ማገዶ ናት ብሎ ለመናገር ሲቸግረው የሚይዘው ፊት ነው።

«ምነው?» አለችው፣ በአዘኔታ። «አትድንም እንዴ?»

ዳኛው ከጎኗ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሰፌዱን ወደ መሐላቸው ሳብ አድርጎ ጠጠሮቹን አብሯት መልቀም ጀመረ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጠጠር አወጣ። ከዚያ ነገራት።